ባለብዙ ክፍል የኪራይ ግቢ ስንት ያወጣል?

አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን ግቢ ያውቀዋል። በመንገድ በኩል የቆርቆሮ በር አለ፤ ከፊት ባለቤቱ ወይም ሻል ያለ ኪራይ የሚከፍል ሰው የሚኖርበት ዋና ቤት ይታያል፤ ከኋላ ደግሞ በአንድ ጣራ ሥር የተደረደሩ አምስት፣ ስድስት፣ አንዳንድ ጊዜም ዐሥር ክፍሎች አሉ፤ ለሁሉም አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤትና አንድ የመብራት ቆጣሪ። እነዚህን የኋላ ክፍሎች ሰው «ሰርቪስ» ይላቸዋል። ስማቸው እንደሚያመለክተው የታሰቡት ለወጥ ቤት፣ ለዕቃ ቤትና ለሠራተኛ መኝታ ነበር፤ ዛሬ ግን አያሌ ቤተሰብ፣ ከእኛም መካከል ጥቂት የማይባል ተማሪ፣ የሚያድርባቸው እነሱ ናቸው።

ስለ ተከራይ ኑሮ ብዙ ተጽፏል፤ ገናም ሊጻፍ ይገባዋል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ግን የገዢው ጥያቄ ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው እንዲህ ያለውን ግቢ ለኪራይ ገቢ ብሎ ቢገዛ ዋጋውን በምን ሚዛን ይመዝነዋል የሚለው ነው። ለተማሪ ምን ያደርግለታል የሚል ቢኖር፥ መልሱ ቀላል ነው። ዐረብ አገር ወይም ዋሺንግተን ያለች እኅት የብዙ ዓመት ላቧን ትልካለች፤ ደላላው «ዛሬ ካልተያዘ ነገ ይሸጣል» እያለ ያዋክባል፤ ቤተሰቡም ይሰበሰብና ወደ ተማሪው ዞሮ «አንተ ተምረሃል፤ እስቲ አስላልን» ይላል። ያን ጊዜ ተማሪው የሚያሰላው የሰው ዕድሜ ነውና ስሌቱን ማወቁ አይከፋም።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚሸጠው ነገር ምን እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ሲወጡ ነገሩ የገጠር ነገር ይመስል ነበር። ዐሥር ዓመት አልፎ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣና አንድ ቤተሰብ ከሚኖርበት በቀር ሲያከራይ የነበረውን ቤት ሁሉ አጣ። በወር እስከ 100 ብር ይከራዩ የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፥ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። በኋላ ቤት ማከራየት እንደገና ተፈቀደ፤ መሬቱ ግን አልተመለሰም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፥ አይሸጥም አይለወጥም ብሎ ደንግጓል። እንግዲህ ግቢ ገዛሁ የሚል ሰው በሕግ ዐይን የገዛው ግድግዳውን፣ ጣራውንና በቦታው የመጠቀም መብትን ነው። ይህ ለሕግ ተማሪ ብቻ የሚሆን ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ወደ ታች ስንወርድ ብዙ ሚሊዮን ብር የሚያንቀሳቅስ ቁም ነገር ሆኖ እናገኘዋለን።

አሁን ወደ ገቢው እንሂድ። ሻጩ ወይም ደላላው የሚነግራችሁ ኪራይ አንድ ነው፤ በውሉ ላይ የተጻፈው ኪራይ ሁለተኛ ነው፤ በእውነት በየወሩ የሚገባው ደግሞ ሦስተኛ ነው። ሦስቱ አንድ የሚሆኑበት ጊዜ ጥቂት ነው። ደላላ «እያንዳንዱ ክፍል ይህን ያህል ያወጣል» ሲል «ቢለቀቅና እንደገና ቢከራይ» ማለቱ ነው። ቀድሞ ይህ አነጋገር በመጠኑ ያስኬድ ነበር፤ አዲሱ ባለቤት ተከራዮቹን አስወጥቶ ወይም ኪራዩን ከፍ አድርጎ ደላላው ያለው ላይ ሊደርስ ይችል ነበርና። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ግን ይህን መንገድ በእጅጉ አጥብቦታል። በአዋጁ መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፤ ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፥ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያስታውቀው መጠን ነው፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል። ስለዚህ «አሁን ትንሽ ነው የሚከፍሉት፥ እርስዎ ሲገዙት ከፍ ያደርጉታል» የሚለው የሻጭ ቃል ዋጋ ሊከፈልበት አይገባም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ብልጠት አለ። አንዳንድ አከራይ ግብር ለማቃለል በውሉ ላይ ግማሹን ብቻ ያስጽፋል፤ የቀረውን በእጅ ይቀበላል። ለገዢው ግን የተመዘገበው ውል ከቤቱ ጋር የሚመጣ ዕዳ ነው። ተከራዩ ነገ ተነሥቶ «ውሌ 4,000 ብር ይላል፥ የምከፍለው ይህንኑ ነው» ቢል አዲሱ ባለቤት 8,000 ነበር ብሎ የሚያሳየው ወረቀት የለውም። ስለዚህ ገቢውን ስታሰሉ በተመዘገበው ውልና ገንዘቡ በባንክ በገባበት መዝገብ ላይ ብቻ ቁሙ። ሻጩ ይህን ለማሳየት ካልወደደ እሱም ራሱ አንድ መልስ ነው።

ከጠቅላላው ኪራይ ላይ ባዶ የሚከርመው ወር ይቀነሳል። የባለብዙ ክፍል ግቢ ዋናው ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል፤ አንድ ቪላ ያከራየ ሰው ተከራዩ ሲለቅ ገቢው በአንድ ቀን ዜሮ ይሆናል፤ ሰባት ተከራይ ያለው ግን አንዱ ቢለቅበት ስድስቱ ይከፍሉታል። ነገር ግን ሰባት ተከራይ ማለት ሰባት ዐይነት ጠባይ፣ ሰባት ቁልፍና በአንድ ቧንቧ ላይ የሚነሣ ጠብ ማለትም ነው። የሰርቪስ ተከራይ ከቪላ ተከራይ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል፤ ክፍሉ በተለቀቀ ቁጥር ቀለም፣ ቁልፍ፣ ምናልባትም የደላላ ዋጋ አለበት።

ወጪው ደግሞ በወረቀት ላይ ትንሽ መስሎ በኋላ የሚያድግ ነገር ነው። ግድግዳው ከምን ተሠራ? የጭቃ ቤት ከሆነ ማገሩና የባሕር ዛፍ ምሰሶው ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ምስጥና እርጥበት ይበሉታል፤ ልስኑና ቀለሙ ያማረ ቢሆንም በውስጡ ያለው እንጨት እንደ ገለባ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ግድግዳውን ከታች፥ ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፥ በጣት መታ መታ ማድረግ ነውር አይደለም። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ካያችሁ ጣራው ያፈሳል ማለት ነው። ቤትን በጥር ገዝቶ በሐምሌ ማልቀስ የተለመደ ስለ ሆነ፥ ከተቻለ ግቢውን በክረምት፥ ዝናብ ሲጥል፥ የጎረቤት ጎርፍ ወዴት እንደሚወርድ ማየት ነው። ባይቻል ተከራዮቹን መጠየቅ ነው። በእኔ አስተያየት በግቢው ከሚኖር ተከራይ የተሻለ መሐንዲስ የለም፤ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ መብራቱ ስንት ምጣድ እንደሚችል፣ የትኛው ክፍል በነሐሴ እንደሚሻግት እሱ ያውቃል። ሻጩ አጠገባችሁ ሳይቆም ጠይቁት።

ስለ ሽንት ቤቱ ጨዋ ሰው ብዙ አይናገርም፤ ቤት ገዢ ግን መናገር አለበት። በአዲስ አበባ ብዙው ግቢ ከፍሳሽ መስመር ጋር አልተገናኘም፤ ጉድጓድ አለው። ያ ጉድጓድ ለአንድ ቤተሰብ ተቆፍሮ ዛሬ ሃያ አምስት ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ በዓመት ብዙ ጊዜ ማስመጠጥ ሊያስፈልግ ነው። መኪናው ወደ ግቢው መግባት ይችላል? መንገዱ ጠባብ ከሆነስ ቱቦው ይደርሳል? ይህን ያልጠየቀ ገዢ የኋላ ኋላ አዲስ ጉድጓድ ሲያስቆፍር አንዱን ክፍል ሊያፈርስ ይገደዳል፤ በዚያውም የአንድ ክፍል ኪራይ ለዘለዓለም ይቀራል።

የቆጣሪውም ነገር እንዲሁ ነው። የመብራትም የውሃም ታሪፍ በደረጃ የሚያድግ ነው፤ ብዙ የተጠቀመ ሰው በአንዱ መለኪያ ከፍ ያለ ዋጋ ይከፍላል። የታሪፉ ሐሳብ ሀብታሙን አስከፍሎ ድኻውን ለማቃለል ነበር። ሰባት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ግን ቆጣሪው የሚያየው አንድ ትልቅ ሀብታም ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዳቸው አንድ አምፖልና አንድ ምድጃ ያላቸው ሰዎች የባለጠጋውን ዋጋ ይከፍላሉ። ባለቤቱ «መብራትና ውሃ ከኪራዩ ጋር» ብሎ አከራይቶ ከሆነ ልዩነቱ የሚወጣው ከእሱ ኪስ ነው። ለየብቻ ቆጣሪ ማስገባት ይቻል እንደ ሆነ፥ ስንትስ እንደሚያስወጣ፥ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። ለተከራዩም ለአከራዩም ከሚጠቅሙ ጥቂት ወጪዎች አንዱ ይህ ነው።

ግብሩን በአጭሩ እንለፈው። የቦታና በተለምዶ «የጣራና ግድግዳ» የሚባለው ግብር አለ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የንብረት ታክስ አዋጅ ወጥቷል። የኪራይ ገቢ በገቢ ግብር አዋጁ በሠንጠረዥ «ለ» ይታያል። መጠኑ እንደየሰው ገቢ ስለሚለያይ ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት አስልቶ መውሰድ ነው፤ ዋናው ነገር ግብሩን ከስሌቱ አለመርሳት ነው።

እንግዲህ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ የትኛውንም ሰፈር አይወክሉም፤ ለስሌት ያህል ብቻ የተመረጡ ናቸው። አንድ ግቢ 10,000,000 ብር ተባለ እንበል። ዋናው ቤት በወር 25,000፥ ስድስቱ ሰርቪሶች እያንዳንዳቸው 5,000 ብር ይከራያሉ። የወሩ ድምር 55,000፥ የዓመቱ 660,000 ብር ይሆናል። ደላላው እዚህ ላይ ቆሞ «በዓመት ስድስት መቶ ስድሳ ሺህ!» ይላል፤ እኛ ግን እንቀጥላለን። ባዶ ለሚከርመውና ለማይከፈለው በጠቅላላው የአንድ ወር ኪራይ ስንቀንስ 605,000 ይቀራል። ለዕድሳት 60,000፥ ለሽንት ቤትና ለውሃ 25,000፥ ለቦታና ለቤት ግብር 20,000፥ ለገቢ ግብር 100,000 እንያዝ፤ ድምሩ 205,000 ነው። የተጣራው ገቢ 400,000 ብር፥ ማለት የዋጋው 4 በመቶ ሆነ። ገንዘቡ በኪራይ ብቻ ተመልሶ እንዲመጣ 25 ዓመት ይፈጃል፤ ቤቱም በዚያን ጊዜ 25 ዓመት አርጅቷል።

4 በመቶ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? ለንጽጽር ያህል ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎ ነበር። በቁጥር ብቻ ከተያዘ ባንክ ማስቀመጡ ይሻላል፤ ጣራ አያፈስ፣ ጉድጓድ አይሞላ። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ስለ ነበር 7 በመቶ ያገኘው ቆጣቢ በእውነቱ ገንዘቡ እየቀለጠበት ነበር። ሰው ወደ ቤት የሚሸሸው ስለዚህ ነው። ቤት በኪራዩ ሳይሆን ዋጋው ስለሚጨምር ይገዛል። ይህን ሐሳብ አልነቅፈውም፤ ግን ሁለቱን ነገሮች ለያይቶ ማየት ግድ ነው። ኪራይ በእጅ የሚገባ ነው፤ የዋጋ ጭማሪ ሌላ ገዢ እስኪመጣ ድረስ ተስፋ ነው። በዶላር ለሚያስብ ሰው ደግሞ ተስፋው ሌላ መልክ አለው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ያህል ነበር፤ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ወጣ። በፊት በ5,700,000 ብር የተገዛ ግቢ 100,000 ዶላር ያህል ተከፍሎበታል፤ ያው ግቢ ዛሬ 10,000,000 ብር ቢባል «እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው» ብላ የምትደሰተው እኅት በዶላር ስታየው አንድም ሳንቲም አላተረፈችም።

ከባንክ ተበድሮ መግዛትንም በዚሁ ምሳሌ እንፈትን። ግማሹን፥ ማለት 5,000,000 ብር፥ በ15 በመቶ ወለድ ቢበደር የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ 750,000 ብር ገደማ ነው። ግቢው የሚያፈራው 400,000 ነው። ስለዚህ ዋናውን ዕዳ ሳይነካ በዓመት 350,000 ብር ከደመወዙ ወይም ከውጭ አገር እየጨመረ ይከፍላል። የብድሩ ወለድ ቤቱ ከሚያፈራው ፍሬ ሲበልጥ መበደር ትርፍን ሳይሆን ጉድለትን ያበዛል። አንዳንዱ ይህን እያወቀ ይገባበታል፤ የሚያሳዝነው ሳያውቅ የሚገባው ነው።

ስሌቱን ገልብጠን ብንይዘው ይበልጥ ያስተምራል። አንድ ሰው «ለድካሜና ለሥጋቴ ቢያንስ 8 በመቶ እፈልጋለሁ» ቢል፥ 400,000 ብር የሚያፈራው ግቢ ለእሱ የሚያወጣው 5,000,000 ብር ነው። ሻጩ 10,000,000 ካለ የቀረው 5,000,000 የምን ዋጋ ነው? የክፍሎቹ አይደለም፤ የቦታው፥ የሰፈሩና የተስፋው ነው። ቅድም መሬቱ አይሸጥም ያልነው እዚህ ላይ ይመጣል። ቦታው ለልማት ሲፈለግ የሚከፈለው ካሳ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 የሚመራ ነው፤ ካሳውም የሚሰላው በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት እንጂ ለመሬቱ የገበያ ዋጋ አይደለም። ምትክ ቦታ ወይም ምትክ ቤት ሊሰጥ ይችላል፤ ግን ከመንገድ ዳር የነበረው የኪራይ ግቢ ከተማ ዳር ሲሄድ ተከራዮቹ አብረውት አይሄዱም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በፒያሳና በሌሎች ሰፈሮች የተካሄደውን የኮሪደር ልማት ያየ ሰው ይህ ሥጋት የወረቀት እንዳልሆነ ያውቃል። በዋጋው ውስጥ የቦታው ድርሻ በበዛ መጠን የሚጠፋው ገንዘብም ይበዛል። ስለዚህ በከተማው መዋቅራዊ ፕላን ላይ ግቢው ለምን እንደ ተመደበ፥ መንገድ ያልፍበት እንደ ሆነ፥ ቀብድ ከመክፈል በፊት ማጣራት ነው።

በዚሁ ላይ ሰርቪሶቹ በፈቃድ የተሠሩ መሆናቸው ይታይ። ብዙ ግቢ በካርታውና በግንባታ ፈቃዱ ላይ ያለው ዋናው ቤት ብቻ ነው፤ ክፍሎቹ በኋላ አንድ በአንድ የተቀጠሉ ናቸው። በምሳሌያችን ከ55,000 ብር የወር ኪራይ 30,000ው የሚመጣው ከሰርቪሶቹ ነው። ያለ ፈቃድ የተሠሩ ከሆኑ ከገቢው ከግማሽ በላይ የሆነው፥ ወረዳው አፍርስ ሊለው በሚችል፥ ሲፈርስም ካሳ በሚያከራክር ግድግዳ ላይ ቆሟል።

ካርታው ነባር ይዞታ ነው ወይስ ሊዝ? የሊዝ ከሆነ ለማዘጋጃ ቤቱ ያልተከፈለ ቀሪ ዕዳ ስንት ነው? ነባር ከሆነ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ የተቀበለው ሰው በሊዝ ሥርዓት እንዲይዘው ደንግጓል። ሻጩ የማይከፍለውን ገዢው ሊከፍል ነው ማለት ነው፤ ይህም በዋጋው ላይ ይደመር።

ስለ ባለቤትነቱ ሕጉ ግልጽ ነው፤ ችግሩ ሰው በመተማመን ማለፉ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል በማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲደረግ ያዛል፤ ዛሬም ውልና ማስረጃ የሚኬደው ለዚህ ነው። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት እንዳይሸጥ ይከለክላል። የኪራይ ግቢ ብዙ ጊዜ ከአባት የወረደ ነው፤ አንዱ ወንድም ሲሸጥ ሌላው ካናዳ ነው፥ ሦስተኛዋ አልሰማችም። ሁሉም ወራሽ መፈረሙን፣ በንብረቱ ላይ የባንክ መያዣ ወይም የፍርድ ቤት እግድ አለመኖሩን ከይዞታ ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ማግኘት ያስፈልጋል። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው «ለመሸጥ» የሚል ግልጽ ቃል ይኑረው፤ ያልተሻረ መሆኑም በዚያው ቀን ይጣራ።

በመጨረሻ የውሉ ቀን ሲደርስ ከሁለቱ ወገን አንዱ፥ ብዙ ጊዜ ደላላው፥ ዝቅ ባለ ድምፅ «ዋጋውን አሳንሰን እንጻፈው፤ ግብሩ ይቀልላል» ይላል። 10,000,000 የተከፈለበት ግቢ 3,000,000 ተብሎ ይጻፋል። ለግብሩ ብዙ ጊዜ አይረዳም፥ ጽሕፈት ቤቱ በራሱ ግምት ያሰላልና። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ያልፈረመ ወራሽ ከካናዳ መጥቶ ሽያጩ ቢፈርስ፥ ገዢው መልሱልኝ ሊል የሚችለው በውሉ ላይ የተጻፈውን 3,000,000 ብር ነው።